ጋሽ ዝጋውና የተቆለፈው ስልክ

የቤቴ ቁልፍ ተሰበረብኝ፤ ግማሹ በሩ ውስጥ ቀረ፣ ግማሹ እጄ ላይ። ዕድሜዬን በርዕሰ መምህርነት ተማሪና አስተማሪ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በርን ግን ተቆጥቶ መክፈት አይቻልም። ስለዚህ ንዴቴንም ግማሽ ቁልፌንም ይዤ፣ መኪናዬን አስነስቼ ወደ ቁልፍ ሠሪው ሱቅ ወረድኩ።

ቁልፍ ሠሪውን በሰፈሩ የማያውቃቸው የለም። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ሁሉም «ጋሽ ዝጋው» ነው የሚላቸው። ቁልፍ ገዝቶ የሚሄደውን ደንበኛ ሁሉ «ዝጋው! ባዶ ቤትም ቢሆን ዝጋው!» ብለው ሳይመክሩ ስለማያሰናብቱ የወጣላቸው ስም ነው። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ ዙሪያው ጓጉንቸር፣ ማጠፊያና ሰንሰለት የተንጠለጠለበት። ከመደርደሪያው ሥር በገዛ እጃቸው የሚሠሯቸው የብረት ሣጥኖች ተደርድረዋል። በክዳኑና በሣጥኑ መካከል ምላጭ እንኳ አይገባም ብለው ይምላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ገና ደጃፉ ላይ ስደርስ የጠብ ድምፅ ሰማሁ።

«ከትናንት ጀምሮ ስደውል ነው የዋልኩት፣ ጋሼ! ሥራዬን ጥዬ ነው የመጣሁት። ስልክዎ የት ነው?»

«ስልኬማ አለ። ከመቼ ወዲህ ነው እኔ ዕቃ ስጥል ያየሽኝ?»

«ካለ ታዲያ ለምን አይጠራም?»

«ኔትወርክ የለማ! አገሩ ሁሉ ይህንኑ አይደል የሚለው? ምነው እኔ ላይ ብቻ ጮኽሽ?»

ልጅቱ የወንድማቸው ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው። ቴሌኮም ተምራ ኢንጂነር ሆናለች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የስልክ ማማ ትጠግናለች። ያን ዕለትም የሥራ ጫማዋን ሳትቀይር፣ አቧራዋን ሳታራግፍ ነበር የቆመችው። ስገባ ሁለቱም ጠባቸውን አቁመው እንደ ደንቡ ሰላም አሉኝ፤ ጋሽ ዝጋውም ወንበር ጠረግ አድርገው ሰጡኝ። ግማሽ ቁልፌን አውጥቼ ላሳያቸው ስል የልጅቱን ዓይን አየሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ያለቀሰች ትመስል ነበር።

«ምን ገጠማችሁ?» አልኩ።

«እትዬ ታማለች፣ መምህር» አለችኝ ወደ ጓሮው በር እያየች። መኖሪያቸው ከሱቁ በስተኋላ ነው። «የልቧ በር አልዘጋ ብሎ ደሙ ወደኋላ ይመለሳል። ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉት ሐኪሞች ለጥቂት ጊዜ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ሆስፒታሉ ‹ተራዋ ሲደርስ በዚህ ስልክ እንደውላለን፤ ካልተነሣ ለቀጣዩ ሰው እናስተላልፋለን› ብሏል። የተመዘገበው የጋሼ ቁጥር ነው። እኔ ስደውል ደግሞ ‹የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም› ትለኛለች።»

«ይቺ ሴትዮ!» አሉ ጋሽ ዝጋው መዶሻቸውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ። «ማን እንደ ቀጠራት አላውቅም፤ ሥራዋ ሰው ማቃቃር ነው። እኔ በሕይወት፣ ስልኬ በሕይወት፣ እሷ ማግኘት አይችሉም ትላለች!»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አሁን ግን ከጓሮው በር ወዲያ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አንዲት ሴት ቁና ቁና ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ስልኩን ያሳዩኝ» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«በቀን ሁለቴ ወጥቶ ይታያል። ጠዋት አይቼዋለሁ፤ የደወለ የለም። ማታም አየዋለሁ። ኔትወርክ ከመጣ መጣ፣ ካልመጣ እኔ ምን ላድርግ?»

ይህን ቃል ሲሉ እውነት ለመናገር ልጅቱን ብቻ ሳይሆን እኔንም አናደዱኝ። እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ እኛ ሁላችን ይቺን ቃል የሰበብ ጎተራ አድርገናታል። ባትሪያችን ሲያልቅ ኔትወርክ የለም፤ ሒሳባችን ሲያልቅ ኔትወርክ የለም፤ አለቃችን ደውሎ ማንሣት ስንጠላም ኔትወርክ አልነበረም እንላለን። ቀን ከሌት በእጃችን ለምንይዘው ነገር የምናውቅለት ስም አንድ ብቻ ነው።

ልጅቱ ግን አልተቆጣችም። ወንበር ሳበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰው መጥቶ ‹ቁልፌ አልሠራም› ቢልዎ ምን ይሉታል?»

«ምኑ ነው ያልሠራው እለዋለኋ! ጥርሱ ተበልቶ ነው? ቀዳዳው ዝጎ ነው? በሩ ተጣሞ ነው? ዝም ብሎ አልሠራም አይባልም፤ እያንዳንዱ መድኃኒቱ ሌላ ነው።»

«ይኸውልዎ! ስልክም እንደዚያው ነው። ቀፎው አለ። ቀፎው ውስጥ ያለችው ሲም ካርድ አለች፤ ‹እኔ የእገሌ ቁጥር ነኝ› ብላ የምትናገረው እሷ ናት። ከዚያ ያ ማዶ፣ ከፎቁ ጣሪያ ላይ የሚታየው ማማ አለ። በማማውና በቀፎው መካከል የሚመላለሰው ሞገድ ሲግናል ይባላል። የአንድ ማማ ሞገድ የሚደርስበት ቦታ ሽፋን ይባላል። ኔትወርክ የሚባለው ደግሞ እነዚህን ማማዎች ሁሉ አያይዞ የአንዱን ድምፅ ለሌላው የሚያደርሰው መረብ ነው። እርስዎ ‹ኔትወርክ የለም› ሲሉኝ መረቡ በሙሉ ተበጠሰ እያሉኝ ነው። እኔ ግን አሁን ከደጅዎ ለመሥሪያ ቤቴ ደውዬ ተነሥቶልኛል።»

«እና የእኔ ብቻ ምን ሆኖ ነው?»

«እሱን እኮ ነው የምፈልገው። ቀፎው ነው? ሲሟ ናት? ወይስ ሲግናሉ እርስዎ ጋ አይደርስም? ሳላየው እንዴት ልንገርዎ?»

ጋሽ ዝጋው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ከአንገታቸው ሥር በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አወጡና ከሱቁ ጥግ፣ ከሁሉም በስተውስጥ ወዳለው ሣጥን ሄዱ። ከሣጥኖቹ ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከፍተው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አነሡ፤ ጨርቁን ሲፈቱት ስልኩ ከነመብራቱ ብቅ አለ።

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እዚህ ውስጥ ነው የሚውለው?»

«የት ልታስቀምጪው ኖሯል? ያኛውን አምና ከዚህ ጠረጴዛ ላይ አልወሰዱብኝም? ይሄ እኮ ተራ ስልክ አይደለም። የባለቤቴ ነፍስ ናት በውስጡ ያለችው! ነፍስ ሜዳ ላይ ይጣላል?» ሣጥኑን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «ሌሊት ተነሥቼ መቆለፉን የማረጋግጠው ሌላ ሣጥን የለኝም፤ ይሄን ብቻ ነው።»

ሰውየው ችላ ብለው ቢሆን ኖሮ መቆጣት ይቀለን ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን የቆለፉበት አብልጠው ስለሚወዷት ነው።

ስልኩን ገልበጥ አድርገው አዩት። «ይኸው! የደወለ የለም» አሉና መልሰው ሊከቱት ሲሉ ልጅቱ ክዳኑን በሁለት እጇ ያዘች።

«አይዘጉትም!»

«ልቀቂ አንቺ ልጅ!»

«ጋሼ፣ ብረት ሲግናል አያሳልፍም! ሞገዱ ግድግዳ ሲያጋጥመው እየደከመም ቢሆን ያልፋል፤ እንዲህ ጥርቅም ያለ የብረት ሣጥን ሲያጋጥመው ግን ይመለሳል። ማማው ስልክዎን ቢጠራው አይሰማውም። ስላልሰማውም ‹ተደውሎልህ ነበር› አይልዎትም። ለዚህ ነው ባዶ የሚያዩት!»

«ድምፅ የማያስወጣ ሣጥን አልሠራሁም እኮ! ሰዓት ብትከቺበት ቀጭ ቀጭ ሲል ትሰሚያለሽ። የሰዓት ድምፅ የሚያሳልፍ ብረት ሞገድ አላሳልፍም ይላል?»

«ድምፅ ሌላ ነው፣ የስልክ ሞገድ ሌላ ነው።»

«በዓይን የማይታይ ነገር ስለሆነ እንደፈለግሽ ታወሪያለሽ» አሉና ወደኔ ዞሩ። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። እውነት ይቺ ልጅ የምትለው ነገር አለ?»

አለ ብዬ መመለስ እችል ነበር። ነገር ግን ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው የነኩትን እንጂ የሰሙትን አምነው የማያውቁ መሆናቸው ገብቶኛል። ስልኬን አወጣሁና «እንግዲያው እንፈትነው። የእኔን ስልክ ይቆልፉበት፤ የእርስዎ ግን ውጭ ይቆይ» አልኳቸው።

ልጅቱ ስልካቸውን ተቀብላ ወደ ደጃፉ፣ ሰማይ ወደሚታይበት የጠረጴዛው ጠርዝ ወሰደችው። ከዚያ ቁጥሬን ጠይቃ በራሷ ስልክ ደወለችልኝ፤ ስልኬ እዚያው እጄ ላይ ጮኸ። ጋሽ ዝጋው «እሺ» ብለው ተቀበሉኝ። ማንም እንዳያታልላቸው ራሳቸው በጨርቁ ጠቀለሉት፣ ራሳቸው ከተቱት፣ ራሳቸው ቆለፉትና ቁልፉን ጨበጡ። ልጅቱ ድምፁን ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጋ ደወለች።

«የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም...»

ጋሽ ዝጋው ሣጥኑን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ያልተገኘሁት ደንበኛ ክንዳቸውን ታክኬ ቆሜአለሁ።

«ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። ሴትዮዋም ያንኑ ደገመች።

«ይክፈቱትና ልደውል» አለች ልጅቱ። ከፈቱ። ጥቂት ጠብቃ ደወለች፤ ስልኬ ከጨርቁ ውስጥ ሆኖ እንደገና ጮኸ። ሽማግሌው የክዳኑን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ምላጭ የማያስገባውን፣ የሚኮሩበትን ጠርዝ።

«ውሸታም አልነበረችም ማለት ነው ሴትዮዋ» አሉ ቀስ ብለው። «ስንት ጊዜ ደውለው ይሆን?»

መልሱ ከደጃፉ መጣ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ስልካቸው ጢው አለ። ከዚያ ደገመው፤ ከዚያ ሠለሰው። ልጅቱ ዘላ አነሣችው፤ ጮክ ብላም አነበበችልን።

«ከሆስፒታሉ ነው። ‹ተራዎ ደርሷል። እስከ ስምንት ሰዓት ካላረጋገጡ ለቀጣዩ ታካሚ ይተላለፋል› ይላል።»

ሦስታችንም እኩል ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብለን አየን። ስምንት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

«ደውሉ!» አልኩ። እኔ በማላዝበት ቤት ውስጥ መጮኼ የገባኝ በኋላ ነው።

ጋሽ ዝጋው ደወሉና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ወዲያው ትከሻቸው ወደቀ። «ይኸው! የለም! አይሠራም! በገዛ እጄ ገደልኳት!» ብለው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጡ።

«ምን አለዎት? ቃሉን ይንገሩኝ!»

«‹መስመሩ ተይዟል› አለኝ።»

«ጋሼ፣ ይስሙኝ!» ጉልበታቸው ሥር ተንበርክካ ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች። «‹ማግኘት አይችሉም› እና ‹ተይዟል› አንድ አይደሉም! ማግኘት አይችሉም ማለት ስልኩ ጠፍቷል ወይ ሲግናል አይደርሰውም ማለት ነው። ተይዟል ማለት ግን በዚያኛው ጫፍ ሰው አለ፤ እየተነጋገረ ነው ማለት ነው። በሩ ተቆልፎ አይደለም፤ ሌላ ሰው እየገባበት ነው። ሰው ካለ ይጨርሳል። ይደውሉ!»

ሽማግሌው ዓይኗን አዩት። ከዚያ ተነሡ። ደወሉ፤ ተይዟል። እንደገና ደወሉ፤ ተይዟል። «ሰው አለ፤ ሰው አለ» እያሉ ለራሳቸው ያወራሉ። ልጅቱ እትዬን ለማልበስ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ እኔም መኪናዬን ደጃፉ ላይ አስጠጋሁ። ከመኪናው ሆኜ ሳይ ጠራላቸው፤ ተነሣም፤ ግን ድምፁ ይቆራረጥባቸው ጀመር። «ሃሎ? ሃሎ?» አሉ። ማንም ሳይነግራቸው ጣሪያውን፣ የቆርቆሮውን ግድግዳ፣ የተንጠለጠለውን ብረት ሁሉ ዞር ዞር ብለው ቃኙት። ወዲያው እየሮጡ ወጥተው መሐል አስፋልት ላይ፣ ማማው በሚታይበት ቦታ ቆሙ። መኪኖች ጥሩምባ ነፉባቸው፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

«አቤት! አለን! አለን፣ እየመጣን ነው!»

ከሆስፒታሉ ስልኩን ያነሣችው ነርስ የተናገረችውን ሰምቻለሁ፤ ድምፁን ለቀውት ነበር። «የት ነበራችሁ አባቴ? ከትናንት ጀምሮ ስፈልጋችሁ! አሁን መስመሩን የያዝኩት እኮ ለቀጣዩ ሰው ስደውል ነው። እሳቸውንም ማግኘት አልቻልኩም። በሉ ቶሎ ድረሱ።»

እትዬ መኪና ውስጥ በልጅቱ ትከሻ ላይ ተደግፋ ተቀምጣ «ምን ያሯሩጣችኋል?» ትላለች። ጋሽ ዝጋው ከአጠገቤ ሆነው ስልኩን በመስታወቱ በኩል ወደ ማማዎቹ አቅጣጫ ከፍ አድርገው ይዘውታል። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ባለፈው ወር ነው መሰለኝ፣ የእኔ ስልክ ካልተገኘ ጥሪው ወዳንቺ ይሂድ ያልሽኝ ምን ነበር ስሙ?»

«ጥሪ ማስተላለፍ።»

«ያኔ ምን ብዬ መለስኩልሽ?»

«‹ቤቴ የመጣ እንግዳ ጎረቤት ይላካል ወይ?› አሉኝ።»

«ላኪው» አሉ። «ዛሬውኑ። እኔ ከሌለሁ አንቺ ጋ ይደር።»

ቀዶ ሕክምናው ረዘመ፤ ግን ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ ላይ መልካሙ ዜና ይነበብ ነበር። ልጅቱ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ጋሽ ዝጋው ብቻ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

ከዚያ በኋላ እትዬን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ሽማግሌውን የማገኛቸው ከአልጋዋ ዘንድ አይደለም፤ ከመጠበቂያው አዳራሽ፣ ወንበሮቹ መካከል ነው። ጥሪ የሚጠብቁትን አንድ በአንድ ያነጋግራሉ። «ስልክሽ የት ነው? ከቦርሳሽ ሥር? አንሺው፣ መስኮት ዳር አድርጊው። እነዚህ ትንንሽ መስመሮች ሲግናሉን ያሳያሉ፤ ባዶ ከሆኑ ቦታ ቀይሪ። ሒሳብ ቢያልቅብሽም ሰው ሲደውልልሽ ይገባል፤ አትሳቀቂ። ሁለተኛ ቁጥር አስመዝግበሻል? ጥሪ ማስተላለፍስ?» አንድ ወጣት «ኔትወርክ የለም» ሲላቸው እንዴት ያለ ቁጣ እንደተቆጡት! «ምኑ ነው የሌለው? ለይተህ ተናገር!» አሉት። ልጁ ስልኩን ቢያየው ለካ ስልኩን ከማማው የሚያቋርጠውን የበረራ ምልክት ሳያውቀው ነክቶት ነበር። ሲያጠፋው የእናቱ መልእክት ተንጋግቶ ገባ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የእነዚህን ጥቂት ቃላት ፍች ማወቅ ኢንጂነር ለመሆን አይደለም። ሲግናልን ከሽፋን፣ የተያዘን መስመር ከማይገኝ ስልክ ለይቶ የሚያውቅ ሰው መቼ ቦታ መቀየር፣ መቼ ደጋግሞ መደወል፣ መቼ አቤት ማለት እንዳለበት ያውቃል። ጥፋቱ የድርጅቱ ሲሆን ድርጅቱን ይጠይቃል፤ የራሱ ሲሆን ራሱን ያርማል። የማያውቅ ሰው ግን ሁሉንም ኔትወርክ የለም ብሎ ይተወዋል፤ የተወውም ነገር አንዳንዴ እንደ እትዬ ያለ ሰው ነው።

እትዬ ከሆስፒታል በወጣችበት ጠዋት ጋሽ ዝጋው ለተረኞች የምትደውለዋ ነርስ ያለችበትን ጠረጴዛ ተደግፈው ቆሙ።

«ያን ዕለት ከእኛ ቀጥሎ የነበሩት ሰው ተገኙ ወይ?»

«አልተገኙም» አለች ነርሷ። «ሐኪሞቹ ክረምቱ ሲወጣ ይመለሳሉ፤ ያኔ የመጀመሪያው ተራ የእሳቸው ነው። እስካሁን ግን ስደውል አላገኘኋቸውም።»

«እስቲ አሁን ሞክሪልኝ።»

ደወለች። ጠራ! ነርሷ ራሷ ደነገጠች፤ ማን እንደሆነች ነግራ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃ የስልኩን እጀታ ለጋሽ ዝጋው ሰጠቻቸው። በዚያኛው ጫፍ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ ነበር።

«ወንድሜ፣ እኔ ከእርስዎ በፊት የነበረችው ተረኛ ባል ነኝ» አሉ ጋሽ ዝጋው። «ስልክዎን ምን አድርገውት ነው የማይገኘው?»

«ባትሪው እንዳያልቅብኝ ዘግቼው ነው የምውለው» አለ ድምፁ። «አሁን ለአንዳፍታ ላየው ብዬ ከፈትኩት። የሆስፒታሉ ጥሪ የሚመጣው በዚህ አይደል? እጠብቀዋለሁ።»

ጋሽ ዝጋው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኋላቸው እትዬ በልጅቱ ክንድ ተደግፋ፣ ያለ ጭንቀት እየተነፈሰች ቆማ ታያቸዋለች። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሁሉ አንድ ምክር ሲሰጡ የኖሩት ሰው እጀታውን ወደ አፋቸው አስጠጉና፣ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ ጮኹ።

«አይዝጉት ወንድሜ! ክፍት ይተዉት!»